ቀን መሪ አይጨብጥም

“ሳይክል ነጂ የሚባል ፍጥረት ጀርባውን አያይም፣ ጎኑን አያይም። ከየት መጣ ሳትል ጎማህ ሥር ታገኘዋለህ።”

“መስመር እንኳ ቢያውቅ ምናለበት! ለሱም ጭምር የምናስብለት እኮ እኛ ነን።”

“ደግሞ ክላክስ ስታደርግለት ይሳደባል!”

ዝቅ ያለ ሳቅ ተከተለ።

ወንዶቹ ከመጋረጃው ማዶ ነበሩ። መጋረጃው የቤቱ ተከራይ ቡርቱካን ክፍሏን ለሁለት ለመክፈል በገመድ ላይ የሰቀለችው የአልጋ አንሶላ ስለሆነ ዓይን እንጂ ድምፅ አይከለክልም። ከወዲህ በኩል፣ ግድግዳው ሥር በተነጠፈው ፍራሽ ላይ፣ እታለም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣ እያንዳንዱን ቃል ትሰማለች። የሚለቀሰው ለወንድሟ ለአገኘሁ ነው። ትናንት ጠዋት ሳዑዲ ውስጥ ከሚኖሩበት ከቱቅባ ወደ ሥራው ሠፈር ወደ አል ራዋቢ በሳይክሉ ሲሄድ መኪና ገጭቶ ገደለው።

አጠገቧ የነበረችው ጓደኛዋ የምስራች አንሶላውን በጥፊ መታችው።

“እናንተ! ለቅሶ ቤት ነው የመጣችሁት ወይስ መናኸሪያ?”

 አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ቀጥሎ የዳግም ድምፅ መጣ። ዳግም ያገራቸው ልጅ ነው፤ ለአንድ የሳዑዲ ቤተሰብ መኪና ይነዳል።

“ይቅርታ እቱ። ስለ አገኘሁ አይደለም፤ በጠቅላላው ነው የምናወራው።”

“በጠቅላላው የሞተ ሰው የለም” አለች እታለም።

 ቡርቱካን ተነስታ የኤሲውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞረችው። ከጠዋት ጀምሮ ለቅሶው በበረታ ቁጥር እንዲህ ታደርጋለች። መስኮቱ ላይ የተሰካው አሮጌ አየር ማቀዝቀዣ እንደ ወፍጮ ሲያጓራ የሴቶቹ ጩኸት ከፎቁ ጎረቤቶች ጆሮ ይሸሸጋል።

ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል። ከሚሠሩበት ቤት ለአፍታ ያስፈቀዱ ሴቶች ዓባያቸውን ሳያወልቁ ገብተው፣ አቅፈዋት አልቅሰው፣ ከፔርሙስ የተቀዳላቸውን ሻይ ሳይጨርሱ ይወጣሉ። ሁሉም ከመውጣታቸው በፊት አንድ ነገር ይላሉ። “ቀኑ ደርሶ ነው።” አንዳንዶቹ ደግሞ ይጨምሩበታል። “ምነው ያንን ሳይክል ትቶት ቢሆን ኖሮ!” እታለም ይህን በሰማች ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች። ሰውን ገድለው ሲያበቁ ሳይክሉን የሚከሱ ይመስላታል።

አገኘሁ ሳይክል መንዳት የተማረው ባሕር ዳር ነው። እዚያ አስተማሪውም ነርሷም ዲያቆኑም ይነዱታል። ሰው ጎን ለጎን ሆኖ እያወራ በዘንባባው ጥላ ሥር ይሄዳል፤ ባጃጁም እየተነጫነጨም ቢሆን ያሳልፈዋል። አባታቸው ከሞተ በኋላ እታለምን ከኋላ ጭኖ ትምህርት ቤት የሚያመላልሳት እሱ ነበር። እግሯ ጎማው ውስጥ እንዳይገባ “ክፈቺ! እግርሽን ክፈቺ!” እያለ ይጮህባታል፤ እሷ ደግሞ ሆን ብላ ታስጠጋለች።

ቱቅባ ሲመጣም መጀመሪያ የገዛው ሳይክል ነው። ሥራው የሰው መኪና ማጠብ ነበር። ባልዲውን መሪው ላይ አንጠልጥሎ፣ ጨርቁን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ፀሐይ ሳይከር አል ራዋቢ ይደርስና ከአንዱ ቪላ ወደ ሌላው ይዞራል። “ያጠብኩት መኪና ነው መልሶ ከመንገድ የሚገፋኝ” ይል ነበር። ሰው ይስቃል። እሱ ግን አብሮ አይስቅም። ሲገፉት ዝም የሚል ሰውም አልነበረም። መብራት ላይ ይደርስባቸውና መስኮታቸው አጠገብ ቆሞ በተሰባበረ ዓረብኛ “ሳዲቅ፣ ወዳጄ፣ ይሄ መንገድ ያባትህ ነው?” ይላቸዋል።

አንድ ጊዜ የአውቶቡስ መስታወት ከኋላ ትከሻውን ጨርፎ ጣለው። ከዚያ ወዲህ በተቃራኒው መንዳት ጀመረ፤ መኪናዎቹ በሚመጡበት መስመር፣ ፊት ለፊታቸው። “ከኋላዬ የሚመጣውን አላምንም” አለ። “የሚገድለኝ ካለ እንተያይ።” ሾፌሮቹ እብድ አሉት። ቱቅባ ውስጥ አገኘሁ ሲባል በተቃራኒው የሚነዳው ማለት ሆነ።

በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ዳግም አንሶላውን ገልጦ ገባና ፍራሹ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ሌሊት ያልተኛ ይመስላል።

“እቱ፣ የገጨውን ሰው ነግረውሻል?”

“ማን ይነግረኛል?”

“የኛው ልጅ ነው። የጋሽ ሙሐመድሸሪፍ ልጅ፣ ዙበይር።”

ጋሽ ሙሐመድሸሪፍን የማያውቅ የቱቅባ ሐበሻ የለም። ቅመም ይሸጣሉ፤ ልጆቻቸውን እዚሁ ወልደው አሳድገዋል። አሠሪና ዋስ የሚሆነው ካፊል ለጠፋበት ካፊል፣ ለታመመ ሐኪም ይፈልጋሉ። ዳግምንም አሁን ያለበት ቤት ያስገቡት እሳቸው ናቸው።

“ዙበይር ለትራፊኮቹ ‘በተቃራኒ መስመር ፊት ለፊት መጣብኝ’ ብሏል” አለ ዳግም። “ሌላ ያየ ሰው የለም። አንቺ ቤተሰቡን ወክለሽ ቃሉን ተቀብለናል ብለሽ ከፈረምሽ፣ ኸላስ፣ ሙሽኪላ የለም። ሬሳውም ቶሎ ይወጣል።”

“በተቃራኒ መስመር?”

“ያው ታውቂው የለ። ሁልጊዜ እኮ . . .”

“ዳግም፣ አንተ እዚህ ክፍል ውስጥ አልነበርክም?”

 ነበረ። የገና ሰሞን አንድ ዓርብ ሁሉም እዚሁ ምሳ በልተው ነበር። እታለም እጇን ታጥባ ተነሳችና አገኘሁ ፊት ቆመች።

“በመኪናው አቅጣጫ፣ ቀኝህን ይዘህ ልትሄድ ማልልኝ” አለችው። “እናታችን ትሙት በል።”

“እናት በሳይክል ይማልባታል እንዴ?” ብሎ ሳቀ።

“በል!”

ፊቷን አይቶ ሳቁን ተወ። “እናታችን ትሙት፣ ከዛሬ ጀምሮ ቀኜን ይዤ እሄዳለሁ” አለ። ያን ጊዜ “አሁን ሰው ሆንክ!” ብሎ ትከሻውን የመታው ራሱ ዳግም ነበር። እታለም ወዲያው ባሕር ዳር ደውላ ለእናታቸው ነገረቻቸው። እናትየው በስልክ ሳቁ። “እንግዲህ የኔ ነፍስ በሱ ፔዳል ላይ ናት” አሉ።

“መሐላ ነው እቱ” አለ ዳግም አሁን፣ ምንጣፉን እያየ። “መሐላን ትራፊክ አይቀበልም።”

“አንተስ? አንተ ትቀበላለህ?”

“ልጁ ይታሰራል። ገና ልጅ ነው። የሱ መታሰር አገኘሁን ይመልሰዋል? ቀኑ ደርሶ ነው።”

“ቀን መሪ አይጨብጥም፣ ዳግም። መሪ የሚጨብጥ ሰው ነው።”

“ታዲያ ምንድን ነው የምትፈልጊው? ሰውን ማሰር ነው?”

“የወንድሜ ሬሳ ባሕር ዳር ሲደርስ ለእናቴ ‘በጥፋቱ ሞተ’ ይሏታል። በኔ ሞት ምሎ አፈረሰ ብላ ልትቀብረው ነው። እኔ በእጄ ፈርሜ ይህን ልላክላት? ካስፈለገ ሬሳው እዚሁ ይክረም። አልፈርምም።”

የምስራች እጇን ያዘቻት። ዳግም ተነሳ። አንሶላውን ሲያልፍ ከማዶ ሚኪ የሚባለው ሾፌር በሹክሹክታ “እሺ አለች?” ሲል ተሰማ።

እታለም በሠራተኝነት የምትኖርባት ማዳም የፈቀደችላት ሦስት ቀን ነበር። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሙሐመድሸሪፍ መጡ። ቡርቱካን አንሶላውን ከገመዱ አወረደችው፤ ሽማግሌ ሲገባ ሰው ተከፋፍሎ አይቀመጥም አለች። ወንዶቹ ሁሉ ተነሱላቸው። ከኋላቸው ዙበይር ገባ። ቀጭን ነው፤ ጢሙ ገና መውጣቱ ነው። በሩ አጠገብ በጉልበቱ ተቀመጠ፤ ማንንም ቀና ብሎ አላየም።

“አላህ ያጽናሽ፣ ልጄ” አሉ ጋሽ ሙሐመድሸሪፍ። “የተረፈውም ልጅ እህል ከቀመሰ ሦስት ቀኑ ነው። አስቦ አላደረገውም። አጅል ነው፤ የተጻፈ ቀን አያልፍም። እኛም እንደ ወንድምሽ ሆነን ሬሳውን በክብር እንሸኛለን። አንቺም ነገሩን በሰላም ዝጊልን።”

“ስለ መጡ እግዜር ያክብርዎ” አለች እታለም። “ልጁን አንድ ነገር ልጠይቀው።”

“እቱ፣ ሽማግሌ ፊት . . .” አለ ዳግም።

“ሽማግሌ ፊት ነው እንጂ የሚጠየቀው!”

ወደ ዙበይር ዞረች። በነሱ አገር ሟቹን መጨረሻ ያየ ሰው ለቅሶ ቤት ከመጣ ይጠየቃል። ምን አለ፣ ምን ይመስል ነበር፣ ምን ለብሶ ነበር ይባላል። ሳይናገር አይነሳም፤ የሚናገረው ለእናት ይወሰድላታል። ዙበይር ግን እዚህ ያደገ ልጅ ነው፤ ይህን አያውቅም። ለሌላ ጥያቄ፣ ምናልባትም ለስድብ፣ ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው።

“መጨረሻ ያየኸው አንተ ነህ” አለችው። ድምፏ ለመጀመሪያ ጊዜ ለስልሶ ነበር። “እናቴ ትጠይቀኛለች። ፊቱ ምን ይመስል ነበር? ፈርቶ ነበር? ተቆጥቶ ነበር?”

ዙበይር አባቱን አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

“ወላሂ፣ እህቴ . . . ፊቱን አላየሁትም።”

“ፊት ለፊት መጥቶብህ?” አለች የምስራች።

ቡርቱካን እጇን ዘርግታ ኤሲውን አጠፋችው። 

“ጀርባውን ነው ያየሁት” አለ ዙበይር። ሲጀምር ማቆም አልቻለም። “ሰማያዊ ሸሚዝ ነበር። ባልዲ ነበር። በቀኝ፣ ዳሩን ይዞ ነበር የሚሄደው። እኔ መንገደኛ ላነሳ . . . ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ላደርስ ረፍዶብኝ ነበር። ክላክስ አደረግኩለት። ዞር ይልልኛል ብዬ። ግን ከጎኑ አጥር ነው፤ የት ዞር ይላል? ቦታ ማፊ። እኔም አላቆምኩም።”

“ኡስኩት! ዝም በል!” አሉ አባቱ።

 ጋሽ ሙሐመድሸሪፍ ወደ እታለም ሲዞሩ ፊታቸው የቅመም ነጋዴው ደግ ፊት አልነበረም።

“ልጄን ልታስወስጂብኝ ነው?”

“እኔ ወንድሜን ወስደውብኛል፣ ጋሼ።”

“ሰው ነው፣ ይሳሳታል . . .” ብሎ ጀመረ ሚኪ።

እታለም ተነስታ ቆመች። ሦስት ቀን የዋጠችው ሁሉ አንድ ላይ መጣ።

“ተሳሳተ! ሦስት ቀን ሙሉ እዚያ ተቀምጣችሁ ስትፈርዱበት ሰማኋችሁ። ግራውን ሲይዝ እብድ አላችሁት። ቀኙን ሲይዝ ከኋላ ገፋችሁት። ዞር በል ትሉታላችሁ፤ ወዴት? በሰማይ ይሂድ? ከየጌቶቻችሁ ቤት ስትወጡ የመኪናው መሪ እጃችሁ ላይ ስለ ገባ መንገዱም የናንተ መሰላችሁ። እሱ መኪናችሁን ሲያጥብ ሰው ነበር፤ መንገድ ላይ ሲወጣ ምን ሆነባችሁ?”

 ዙበይር ተነሳ። አባቱ እጅጌውን ያዙት።

“ተቀመጥ።”

“ያባ፣ ኸላስ” አለ። “ለትራፊኮቹ እነግራቸዋለሁ። እንደዚህ ሆኜ መተኛት አልችልም።”

ሽማግሌው እጅጌውን አልለቀቁም። ጨርቁ እስኪወጠር ያዙት፤ ልጃቸውን ከታች ወደ ላይ አዩት። ሰው ሁሉ ሲጠብቅ ጣቶቻቸው አንድ በአንድ ተላቀቁ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱና በሩ ላይ ከተከመረው ጫማ መሐል የራሳቸውን መፈለግ ጀመሩ።  ጫማውን ያቀበላቸው ዳግም ነበር።

“ቀኙን ይዞ እንደሚሄድ አንተ ታውቅ ነበር?” አሉት።

ዳግም አንገቱን ደፋ።

“እንግዲያው አንተም ና። የምታውቀውን እዚያ ተናገር።”

ሦስቱም ወረዱ። እታለም ከኋላቸው አልጮኸችም፣ አላመሰገነችም። ለእናቷ ደወለችና “በቀኙ ነበር፣ እማዬ። ዳሩን ይዞ ነበር” አለች። በስልኩ ወዲያ በኩል የተሰማውን ጩኸት ለመደበቅ ኤሲውን የነካ አልነበረም።

ወደ ዓሥር ሰዓት ላይ ማዳም ልትወስዳት መጣች። እታለም ልብሷን በፌስታል ይዛ ደረጃውን ወረደች። ጠባቡ ጎዳና በሁለቱም በኩል መኪና ቆሞበታል። የማዳም ጥቁር መኪና ከጎዳናው አፍ ቀስ እያለ ይገባል፤ ከፊቱ አንድ የልብስ ንጽሕና መስጫ ሠራተኛ፣ የተተኮሱ ነጫጭ ቀሚሶች እንዳይነኩ ክንዱን ወደ ላይ አንስቶ፣ በአንድ እጁ ሳይክል ይነዳል። ሾፌሩ ክላክሱን ተጫነው። ሰውዬው ዞሮ ለማየት ሲሞክር ሚዛኑ ተናጋ። ሾፌሩ መልሶ ተጫነው።

እታለም ፌስታሉን አስቀምጣ መሐል መንገድ ገባች። በሳይክሉና በመኪናው መካከል ቆመችና መዳፏን ኮፈኑ ላይ አደረገች። ማዳም ከኋላ ወንበር ሆና በመስታወቱ ውስጥ እጇን አወናጨፈች፤ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ጮኸ። ብረቱ በፀሐይ ግሎ ያቃጥል ነበር። ሳይክለኛው ነጫጭ ቀሚሶቹን ይዞ ጥጉን ዞሮ ጠፋ። እታለም እጇን አላነሳችም።