የኋላ መቀመጫ

ሥራዬ ወንበር ማልበስ ነው። የሶፋ፣ የመኪና፣ የጥርስ ሐኪም ወንበር ሳይቀር አልብሻለሁ። በዚህ ከተማ እኔ ባለበስኩት ላይ ያልተቀመጠ ሰው ካለ ቆሞ የሚውል ብቻ ነው። ጉራ ነው ብትሉም ግድ የለኝም። ይህን የማወራው ጥፋቴ የቱ ጋ እንደሆነ እንዲገባችሁ ነው።

አንዲት ሞተር አለችኝ፤ ከሁለት የሞቱ ሞተር ሳይክሎች ነው አዋልጄ ያወጣኋት። ሆድ ዕቃዋ ከአንዱ፣ ታንከሯ ከሌላው። ብረቱን ጎረቤቴ መካኒኩ በየደው፣ ቀለሟና ወንበሯ የእኔ ነው። ቀለሟ የበሰለ ቲማቲም ነው። ወንበሯ ግን ሌላ ነገር ነበረች፦ የማር መልክ ያለው ቆዳ፣ በእጅ የተሰፋ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የምትበቃ። ከዚያ ወዲያ ጎማ ብቻ ነው። ውበቷ እዚያ ላይ ነበር። እንደሷ ያለ በአገሩ አልነበረም።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ለምን እንደሚወድ ልንገራችሁ። በእግሬ ስሄድ ማንም ዞር ብሎ አያየኝም፤ አጭር፣ መላጣ፣ ጣቱ ላይ ማስቲሽ የደረቀበት ሰውዬ ነኝ። እሷ ላይ ስወጣ ግን መብራት ላይ የመኪናው መስኮት ሁሉ ይወርዳል። «ጋሼ፣ ከየት አመጣሃት?» ይሉኛል። አንድ ጊዜ ትራፊክ አስቁሞኝ፣ መንጃ ፈቃድ ሳይጠይቅ ሁለቴ ዞሯት «በል ሂድ» ብሎኛል። ልቤ እብጥ ይላል። ቀኑን ሙሉ ሲጨቀጭቀኝ የዋለ ደንበኛ ከነጭቅጭቁ ይጠፋኛል። ሰዉ «ባለ አንድ ወንበሩ» ይለኝ ጀመር፤ ስሜ ተረሳ፤ እኔም ደስ አለኝ።

ሚስቴ ደግሞ «ጣውንቴ» ነበር የምትላት። «ጣውንቴ እንዴት ዋለች? ደከማት እንዴ?» ትላለች፣ ትስቃለች። እሷ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነበር የምትሠራው። አንሶላ ስትተኩስ ቆማ ትውላለች። ሞተሯ ባለቀች በሳምንቷ፣ «ከኋላ ትንሽ መቀመጫ ጨምርባትና አንድ ቀን ከሥራ ውሰደኝ። በሩ ላይ ጠብቀኝ፣ ጓደኞቼ ይዩኝ» አለችኝ። እኔ ዓይኔን በጨው ታጥቤ «መልኳ ይበላሻል፣ እንደ ማንም ሞተር ትሆናለች» አልኳት። ዳግመኛ አላነሳችውም። ተስማምታለች ብዬ ተውኩት፤ የሚመቸኝን ነገር ለማመን መቼ ተቸግሬ አውቃለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን! እኔ ሱቅ ስዘጋ እሷም ከሥራ ትወጣለች። የአውቶቡስ ሰልፉ ከሆስፒታሉ በር አጠገብ፣ እኔ የማልፍበት መንገድ ላይ ነው። ሳልፍ ክላክስ አደርግላታለሁ። ይህን ስናገር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እወዳለሁ። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ ያየኛል፣ እሷ እጇን ታወዛውዝልኛለች። በዝናብም ክላክስ አደርግ ነበር። ቀድሜ ገብቼ ሞተሯን በጨርቅ ሳደርቅ፣ እሷ ትደርስና ደጃፍ ላይ ከጫማዋ ውሃ ታፈሳለች።

መካኒኩ ነግሮኝ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ የሰው ሁሉ ወንበር ሰፍተህ የሚስትህ ጠፋህ?» አለኝ። «ሞተር ትፈራለች» አልኩት። ውሸቴን ነው።

ዘንድሮ ጡረታ ልትወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀራት፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ነገሩ የእግር እሳት ሆነብኝ። ለኋላ መቀመጫ ብረት አስበየድኩ። የድሮውን የመሰለ ቆዳ ከተማውን አስሼ አገኘሁ። ስፖንጁን ሁለት ድርብ አደረግሁት፣ መያዣም ሠራሁላት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ስፌት አልሰፋሁም። ሲያልቅ ሞተሯ አልተበላሸችም፤ እንዲያውም አማረባት። ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

በመጨረሻ ቀኗ በሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። አበባ ታቅፋ ከጓደኞቿ ጋር ወጣች። እኔን ስታይ ቆመች። ምንም ሳልናገር ወንበሩን መታ መታ አደረግሁላት። መጣች፣ በጣቷ ስፌቱን እስከ ጫፍ ተከተለችው።

«እንዴት ያምራል» አለች።

አበባውን ለአንዷ ሰጥታ ትከሻዬን ያዘች። እግሯን አነሳች፤ ከጉልበት አላለፈም። እንደገና ሞከረች። ሁለት ሴቶች ደገፏት፤ ፊቷ ጭምድድ ሲል ተዉት። እሷ ስትስቅ ሁሉም ሳቁ።

«ዳሌዬ እኮ አልቋል» አለችኝ ቀስ ብላ። «ሐኪሙ ከነገረኝ ሁለት ዓመት አለፈው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር። እሷን እየወለወልክ ነበር።»

የሰው ሁሉ አቀማመጥ ስለካ የኖርኩ ሰው፣ የሚስቴ አረማመድ መለወጡን አላየሁም። «መቀመጫውንስ? ለምን መልሰሽ አልጠየቅሽኝም?» አልኳት።

«እሷ ላይ ስትሆን ፊትህ ይበራል። ያንን ልቀማህ?» አለች። ቅያሜም የለበትም፤ ቅያሜ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

አውቶቡሱ መጣ። «በል እቤት እንገናኝ» ብላኝ ሄደች። አንድ ጎረምሳ ክንዷን ይዞ አንድ አንድ ደረጃ እያለ አወጣት።

ሌላ ቀን አውቶቡሱን ጥዬው ነበር የምሄደው፤ ያን ቀን ግን ፌርማታ በቆመ ቁጥር ከኋላው ቆምኩ። ሆድ ባሰኝ፣ የሄልሜቱን መስታወት አወረድኩ። ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ቦርሳ ያነገተ ሰውዬ ጠጋ አለኝና በአድናቆት ሞተሯን ዙሪያዋን ቃኛት።

«ጋሼ፣ መንገድህ ከሆነ እስከ አደባባዩ ብታደርሰኝ?» አለኝ፣ እጁን የኋላው ወንበር ላይ ጣል አድርጎ።

«ሰው አለው» አልኩት።

ሰውዬው ወንበሩን አየ፣ እኔን አየ፣ እጁን አነሳ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ተከተልኩት።