ሁለት ሺህ ሸክላ እና አንድ አዝማሪ

ሲኞር ባቲስታ ሸክላዎቹን ሊሸጥ ነው የሚለው ወሬ ቡሬ ገበያ ሲደርስ እኔ ሽምብራ እየሰፈርሁ ነበር። መስፈሪያዬን ጥዬ ሳቅሁ። ማን ሊገዛው? ሰውዬው ወፍጮ ቤት የነበረው ጣሊያን ነው። ክፉ አልነበረም፣ አመሉ ዘፈን ነው። ሌላው ከአገሩ ጠመንጃ ጭኖ ሲመጣ እሱ የዘፈን ሸክላ ጭኖ መጣ። ግድግዳው ሸክላ፣ አልጋው ሥር ሸክላ፣ የዱቄት መጋዘኑ እኩሌታ ሸክላ። ሁለት ሺህ ይሆናል ይሉ ነበር፤ እኔ እንኳ አልቆጠርሁትም፣ ቆጥሬስ ምን ልሠራው።

ጊዜው የ1933 ጥር ነው። እንግሊዝና አርበኛው በሱዳን በኩል እየገቡ ነው የሚል ወሬ ሲበረታ ባቲስታ መሸሽ ፈለገ። መኪናው ላይ የሰጡት ቦታ ግን ለራሱና ለአንድ ሻንጣ ብቻ ሆነ። የጣሊያን መኮንኖች መጥተው ጥቂት ጥቂት መርጠው ወሰዱ። የቀረውን ከነግራማፎኑ ጎረቤታችን ኢሳ፣ እህልና ቆዳ ነጋዴው፣ በሁለት ደህና በቅሎ ለወጠው።

«አንተ ኢሳ፣ ምን ነካህ?» አልሁት። «በቅሎ ሰጥቶ ጩኸት የሚገዛ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«የሰርጉ ወራት ደረሰ፣ ንግሥቴ» አለኝ። «አዝማሪ ደግሞ የለም። በየሰርጉ እየዞርሁ አከራየዋለሁ።»

ብሎ ሲጨርስ አፈረ፤ ባሌ ክንዱ አዝማሪ ነዋ። ደግሞም ምን ዓይነት አዝማሪ! ባለፈው ዓመት የጣሊያኑ ጦር ሰፈር አዛዥ አዝማሪ ሕዝብ ያሳድማል ብሎ ማሲንቆውን ገበያ መሃል አቃጠለበት። ሁለተኛ ድምፅህን ብሰማ አንገትህን እቆርጣለሁ አለው። ክንዱም ዝም አለ። ዝም አለ ስላችሁ ዘፈን ብቻ የተወ እንዳይመስላችሁ፣ እህልም ተወ። ጉርሻ ሳቀርብለት ፊቱን ያዞራል፣ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። ቢዘፍን አዛዡ ይገለዋል፣ ባይዘፍን እኔው ቤት ቁጭ ብሎ ያልቃል። እንቅልፍ ያሳጣኝ ይኸው ነበር።

የኢሳን ነገር ስነግረው ከስንት ወር በኋላ አፉን ከፈተ። «በሳጥን? እኔን በሳጥን ሊተካኝ?» ብሎ ጮኸ። ደስ አለኝ፣ ቢያንስ ተናደደ።

የመጀመሪያው ሰርግ ማንኩሳ፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከሚባለው ከተማ አጠገብ፣ የአያ ላቀው ልጅ የአቻምየለሽ ሰርግ ነው። ኢሳ ሸክላዎቹን በጭድ ጠቅልሎ በአህዮች ጫናቸው። ክንዱ «የሳጥኑን ውርደት ሳላይ አልቀርም» ብሎ ተከተለ። ኢሳ ግራማፎኑን ዳሱ ውስጥ ረጅም፣ አንድ ጎኑ ክፍት የሆነ ባዶ የእህል ሳጥን ላይ አስቀመጠው፣ ሳጥኑን በቀይ ጨርቅ ሸፈነው፣ የግራማፎኑን እጀታ ጠመዘዘ። ከሸክላው ውስጥ አንዲት ሴትዮ ጮኸች። ጎበዝ፣ አጯጯኋ! አሮጊቶቹ ሙሾ መስሏቸው ነጠላቸውን ያዘቀዝቁ ጀመር። ኢሳ ቶሎ ብሎ ሌላ ሸክላ ቀየረ፣ እሱ ደግሞ የወታደር ሰልፍ ሆነ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ወደ በሩ አዩ። ሦስተኛው ደህና ነበር፤ ሰው ትከሻውን መነቅነቅ ጀመረ።

ይኼኔ አያ ላቀው ቀንድ ዋንጫቸውን እንደያዙ ብድግ አሉ። የሙሽራ አባት ናቸው፣ ግጥም መስጠት ወጋቸው ነው። የግራማፎኑ ጡሩምባ ፊት ቆመው «ተቀበል!» አሉት።

«ጠጁም አልጎደለ፣ እንግዳውም መጣ፣
ልጄን ያላወደሰ ከዳሴ ይውጣ!»

አዝማሪ ቢሆን ግጥሙን ተቀብሎ፣ በዜማ መልሶ፣ አጎንብሶ ያመሰግናል። ግራማፎኑ በራሱ ቋንቋ ቀጠለ። አያ ላቀው ያልሰማቸው መስሏቸው ደገሙለት። ቀጠለ። ብር አውጥተው ጡሩምባው ግንባር ላይ ለጠፉለት፣ ተንሸራቶ ወደቀ። አነሱና በምራቃቸው አርጥበው እንደገና ለጠፉለት፣ እንደገና ወደቀ።

«ሽልማቴን ወረወረብኝ!» አሉ። «በልጄ ሰርግ፣ በገዛ ዳሴ!»

ዳሱ ተናወጠ። አንዱ አማርኛ አያውቅም ይላል፣ አንዱ ባያውቅስ ሰላምታ አይመልስም ወይ ይላል፣ የሙሽራው ሚዜዎች ዱላቸውን አነሱ። ኢሳ ግራማፎኑን አቅፎ «በአላህ! ዕቃ ነው! ዕቃ!» እያለ ይለምናል። ማን ሰምቶት።

ክንዱን አየሁት፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የአያ ላቀው ግጥም ተቀባይ አጥቶ ሜዳ ላይ ቀርቶ አላስችል ብሎታል። ምን እንደመራኝ አላውቅም፣ ክንዱን በኩታው ጎትቼ በግርግሩ መሃል ቀዩን ጨርቅ ገለጥ አደረግሁና የእህል ሳጥኑ ውስጥ ከተትሁት። «ተቀበላቸው» አልሁት። ኢሳ አየኝ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ወዲያው ገባውና «ዝም በሉ! አሁን ሊመልስ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ከጡሩምባው ሥር የባሌ ድምፅ ወጣ። ግጥሟን አንድም ሳያጓድል ተቀበለ፣ አሳመራት፣ አዞራት። ከዚያ ዓመት ሙሉ ያፈነው ነገር አመለጠውና የራሱን ጨመረባት፦

«ባሕሩን አቋርጦ ሳይጠሩት የመጣ፣
ጠጅ ሳይቀዳለት በዱላ ይውጣ!»

እልልታው ዳሱን ሊነቅለው ነበር። አያ ላቀው ግራማፎኑን ይቅርታ ጠየቁ። እኔ በጨርቁ ሥር ጥሬ ሥጋ አቀበልሁት፣ እጄን ሊነክሰኝ ትንሽ ቀረው። በላ! ባሌ በላ! ሳጥኑ ሲያገሳ ሰዉ «ይባርክለት፣ ጠገበ» አለ።

ያንን ጥር አትጠይቁኝ። ጅጋ ሄድን፣ ፈረስ ቤት ወጣን፣ ተመለስን። ኢሳ ከፊት፣ አህዮቹ ከመሃል፣ ክንዱ ከኋላ እየወፈረ። ሰው አማርኛ የሚያውቀውን ሸክላ ሽጥልን እያለ ኢሳን ያስጨንቀዋል፣ ኢሳ ደግሞ «እሱ ብቻውን አይሄድም፣ ከወንድሞቹ ጋር ነው የለመደ» ይላል። ግማሹ ሰው ነገሩ ገብቶት ነበር መሰለኝ። የገባውም ያልገባውም እኩል ይሸልማል።

ወሬ እግር አለው፣ ከአዛዡ ጆሮ ደረሰ። የካቲት አጋማሽ ላይ ቡሬ ውስጥ ሰርግ ላይ እያለን ወታደሮች ዳሱን ከበቡት። አዛዡ አስተርጓሚውን አስከትሎ ገባና ግራማፎኑ ፊት ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ። ክንዱ ሳጥኑ ውስጥ ነው። በሱና በአዛዡ ጉልበት መሃል ያለው ያ ቀይ ጨርቅ ብቻ ነው።

«ይሰድባል የተባለው ይኼ ነው?» ብሎ በአስተርጓሚው አስጠየቀ። «ይሞከር።»

ግን እኮ ቀላል ነበር! ክንዱ ዝም ካለ ነገሩ አለቀ፤ የባላገር ተረት ነው ብለው ስቀው ይሄዳሉ። ዓመት ሙሉ ዝም ያለ ሰው አንድ ቀን ዝም ማለት ያቅተዋል? ኢሳ ሸክላ አስቀመጠ። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ተቀበል!» አለ። «መንገድ ሠራ ጣሊያን፣ ድልድይም ሠራ፣ ሁሉም ሰው በጣም ደስ ብሎታል!»

ይኼ ግጥም ነው? ቤት የለው፣ ምጣኔ የለው። ቀዩ ጨርቅ ሲነቃነቅ አየሁ። ክንዴ ዝም በል፣ ዝም በል የኔ ጌታ፣ ብዬ በልቤ ለመንሁት። አስተርጓሚው ደገመ። ሳጥኑ ዝም አለ። አዛዡ ፈገግ ብሎ ሊነሳ ወንበሩን ያዘ። ያ መናጢ ለሦስተኛ ጊዜ «ተቀበል!» አለ፣ የባሰ አበላሽቶ። ስድብ ቢሆን ክንዱ ይችለው ነበር። ቤት የማይመታ ግጥም ግን አይችልም።

«መንገድ ሠራ ጣሊያን ድንጋይ ደርድሮ፣
እሱው ይሂድበት ጓዙን አሳስሮ!»

የአዛዡ እጅ ወደ ጨርቁ ሄደ። እኔ ድምፄ የቁራ ነው፣ ለቤተ ክርስቲያን እንኳ አፌን ከፍቼ አላውቅም። ከፈትሁት። «እሱው ይሂድበት!» ብዬ ተቀበልሁ። ኢሳ ጆሮውን ደፍኖ ተቀበለ። ሙሽራዋ ተሸፋፍና ከተቀመጠችበት ተቀበለች። ከዚያ ሚዜዎቹ፣ አሳላፊዎቹ፣ ቄሱ ሳይቀሩ፤ ሴቶቹ እየጨፈሩ በሳጥኑና በአዛዡ መሃል ገቡ፣ ክንዱም በቀሚሳቸው ተከልሎ ሾልኮ ወጣ። ሁለት መቶ አፍ አንድ ግጥም ሲቀበል የመጀመሪያው አፍ የቱ እንደነበር እግዜር ይወቀው። ሳቅ ያዘኝ። እየፈራሁ ሳቅሁ፣ እንዲህ ያለ ሳቅ ስቄ አላውቅ።

አዛዡ ሁሉንም እንዳያስር እስር ቤቱ አይበቃም፣ አርበኛውም ቀርቧል። ተጠያቂ አልጠፋውም፤ ሸክላዎቹ ናቸው ሕዝቡን ያስተማሩ ብሎ ፈረደ። «ይረገጡ!» አለ። በማግስቱ ገበያው መሃል ሸክላዎቹን ሁሉ አስዘረገፈና መኪና አስነዳባቸው፣ ወደፊት አንዴ፣ ወደኋላ አንዴ። ግራማፎኑንም አልማረው። ኢሳ «በቅሎዎቼ!» ብሎ ራሱን ያዘ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ክንዱ ግን አልሳቀም። ኮፍያውን አውልቆ ቆሞ «ይኼ ሁሉ ዘፋኝ በእኔ ፈንታ ሞተ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አዘንሁላቸው።

የካቲት ሳያልቅ ጣሊያን ቡሬን ለቀቀ። መኪናዎቹ ጓዛቸውን ጭነው፣ ድንጋይ በተደረደረበት መንገድ፣ ተከታትለው ወጡ። ጠመንጃ ይዘዋል፣ ተናደዋል፣ አዛዡም ከፊተኞቹ አንዱ ላይ ተቀምጧል። ክንዱ ከሕዝቡ መሃል ወጥቶ መንገዱ ዳር ቆመ። ሳጥን የለ፣ ጨርቅ የለ፣ ማሲንቆ የለ። ደረቱን ነፋ።

ልጎትተው እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ እጄን መልሼ ለጭብጨባ አዘጋጀሁት።