የእስከዳር ዘንባባ

ሰቆጣ ላይ ሰው በግቢው ጌሾ ይተክላል፣ ባሕር ዛፍ ይተክላል፣ ቢበዛ አንዲት የሎሚ እግር ያቆማል። የቄስ ገብረ ሊባኖስ ባለቤት የእመት ዓይናዲስ ግቢ ግን ሌላ አገር ነበር። በሩን አልፎ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቅጠሉን እንደ ጋቢ የዘረጋ ሙዝ ነው። ከሙዙ ቀጥሎ ፓፓያ፣ ከፓፓያው ሥር ቅጠሉ ትሪ የሚያህል ስሙን ማንም የማያውቀው ተክል፣ አጥሩ ላይ ደግሞ ሐምራዊ አበባውን ያንጠለጠለ ቡገንቪሊያ። ከሁሉም መሐል አንድ ዘንባባ ራሱን ከቆርቆሮው ጣሪያ በላይ አውጥቶ ቆሟል። ጎረቤቱ "የእመት ዓይናዲስ አርባ ምንጭ" እያለ ይቀልድ ነበር። ቀልዱ ክፋት የለበትም። ድፎ ዳቦ ሊደፋ ሲል የሙዝ ቅጠል የሚለምነው ከእሷው ነውና አፉን እስከ መጨረሻው አይከፍትም።

ይህን ሁሉ ያመጣችው አንዲቷ ልጇ እስከዳር ናት። እስከዳር ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ አጠገብ ባለ ሆቴል በአትክልተኛነት ስትሠራ የተረፋትን ችግኝ በተቆረጠ ጀሪካን እየተከለች ለአውቶቡስ ረዳቶች አደራ ትሰጥ ነበር። ዓይናዲስም መናኸሪያ ወርዳ ትቀበላለች። "የሰው ልጅ ለእናቷ ቀሚስ ትልካለች፣ የኔዋ ጭቃ ትልክልኛለች" እያለች ታጉረመርማለች፤ ጀሪካኑን ግን ለተሸካሚ አትሰጥም፣ እንደ ታቦት ራሷ ይዛ ነው የምትገባው። ዘንባባውን ያመጣችው እስከዳር ራሷ ነበረች። ለመስከረም በዓል ስትመጣ መንገዱን ሁሉ ጭኗ ላይ አስቀምጣ አመጣችው። አባትና ልጅ ሆነው ጉድጓዱን ቆፈሩ።

"ይኼ እንደ ሌላው አይቸኩልም፣ እማ" አለች አፈሩን በእጇ እየደለደለች። "ቀስ ብሎ ነው የሚያድግ። አንቺ ስታረጂ ጥላ ይሆንሻል።"

"እኔ ሳረጅ አንቺ ምን ልትሆኚ ነው?" አለቻት ዓይናዲስ። ሁለቱም ሳቁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሆቴሉ ሥራ ሲያቆም እስከዳር ወደ ዐረብ አገር ተነሣች። እናቷ ለመነች፣ አባቷ ገሠጹ፣ አልሆነም። ከሚሻገሩበት ባሕር ዳርቻ ደውላ "ነገ እንሻገራለን፣ ዘንባባውን አጠጭልኝ" አለች። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አልጮኸም። ብዙ ቆይቶ አንዲት የኒሯቅ ከተማ ልጅ ደወለች። አብረው ነበር የሄዱት። የእስከዳር ጀልባ ተገለበጠ ይላሉ አለች። እሷ በሌላኛው ጀልባ ስለነበረች በዓይኗ አላየችም።

"በዓይኔ አላየሁም" ያለችውን ዓይናዲስ ያዘች። ከሰማችው ነገር ሁሉ እሱን ብቻ ለይታ ያዘች።

ዘመድ ተሰብስቦ ለቅሶ እንቀመጥ፣ ፍትሐት ይደረግላት፣ ተዝካሯም ይውጣ አለ። ዓይናዲስ እንደ ድንጋይ ሆነች። "ልጄን በቁሟ አልቀብርም" አለች። "ሬሳ አላየሁ፣ አየሁ የሚል ሰው አላገኘሁ። ማን ሞተ ብዬ ነው የማለቅስ?" ሰው ወደ ቄስ ገብረ ሊባኖስ ዞረ። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። በአባትነታቸው ሚስታቸው ልክ ናት። በቄስነታቸው ግን የማያውቁትን ሰው ሁሉ ፈትተው የቀበሩ ሰው፣ የገዛ ልጃቸው ነፍስ ጸሎት ሳይደረግላት መቅረቷ ዕንቅልፍ ነሥቷቸው ነበር። ቢሆንም ከዓይናዲስ ፊት ይህን ደፍረው አልተናገሩም።

እሷ ደግሞ ታጠጣለች። ሰቆጣ ላይ ውኃ ምን ያህል እንደሚያስለፋ የሰቆጣ ሰው ያውቃል። ቧንቧው ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። የታጠቡበት፣ አትክልት ያጠቡበት፣ ሁሉም ተጠራቅሞ ወደ ዘንባባው ሥር ይሄዳል። ሙዙ ቢጠወልግ ትታገሠዋለች፤ ዘንባባውን አትደራደርበትም። ለመጥረጊያ አንድ ቅጠል የለመናትን ሰው ፊት ነሥታ ሰድዳለች። ባንቺ የምትባል ጎረቤቷ አንድ ቀን ዘንባባውን ስታናግረው ሰምታ ለማንም ሳትናገር አልፋለች፤ ይህን በማድረጓ እግዜር ይስጣት።

እንዲህ እያለ ዓመት ዞረና ሆሳዕና ደረሰ።

በሆሳዕና ዘንባባ ያልያዘ ምእመን የለም። ለደብሩ የሚያመጣው አስማረ ነበር፤ ከጽጽቃ በታች የሚያርስ ገበሬ ነው። በየዓመቱ ወደ ተከዜ ሸለቆ ወርዶ ይቆርጥና በአህያ ጭኖ ይመጣል። ዘንድሮ ቅዳሜ ጠዋት ባዶ እጁን ከቄስ ገብረ ሊባኖስ በር ቆመ።

"መንገዱ ሰላም አይደለም፣ አባ። ከገደሉ አፋፍ ታጣቂዎች መለሱን" አለ። ቀጠለና በኽምጣንጋ ቋንቋ ለራሱ የሆነ ነገር አጉረመረመ። ሲናገር ዓይኑ ወደ ግቢው መሐል ሸሸ። የቄሱም ዓይን ወደዚያው ሄደ።

ዓይናዲስ ሁለቱንም አየቻቸው። "ምን አፋችሁን ትይዛላችሁ? ዓይናችሁ ተናግሮ ጨርሷል" አለች።

"ለምነን አናውቅም፤ አሁንም አንለምንሽም" አሉ ቄሱ በዝግታ። "ሕዝቡ ቄጤማ ይዞ ይቆማል፣ ምን ይደረግ። ግን እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እስከዳር ብትኖር እምቢ ትል ነበር?"

"ብትኖር" የሚለው ቃል ዓይናዲስን ደረቷ ላይ መታት። ልትቆጣ ነበር። ነገር ግን ልጇን ታውቃታለች። እስከዳር ያላትን ሁሉ አውጥታ የምትሰጥ፣ ለሰው ስትሰጥ ፊቷ የሚፈካ ልጅ ነበረች። ከዚያ ፊት ጋር መሟገት አልቻለችም።

"ከዳር ከዳሩ ቁረጡ" አለች።

አስማረ አንጋጦ አየና ራሱን ነቀነቀ። "የዳሩ እኮ ደርቋል፣ እመት ዓይናዲስ። ሲያጥፉት ይሰበራል እንጂ ለቀለበትም ለመስቀልም አይሆን። የሚፈለገው ልቡ ነው" ብሎ ከመሐል ጦር መስሎ ወደ ላይ የወጣውን፣ ገና ያልተፈታውን ነጣ ያለ ለጋ ቅጠል በጣቱ አሳየ። "ምንም አይሆንም። እኛ ተከዜ ላይ በየዓመቱ ልቡን እንቆርጣለን፤ በዓመቱ ብሶበት ነው የሚጠብቀን።"

ዓይናዲስ ወደ ባሏ ዞረች። "እውነት ነው?"

"እውነቱን ነው። እኔም በተማሪነቴ ወርጄ ስንት ጊዜ ቆርጫለሁ" አሉ ቄሱ።

ማንም አልዋሸም። የተከዜው ዘንባባ በአንድ ሥር ብዙ ሆኖ፣ ወንድምና እህት ተቃቅፎ የሚበቅል ነው። የአንዱ ልብ ቢቆረጥ ሌላው ያድጋል፣ ከሥሩም አዲስ ያወጣል። ወደ ተከዜ የወረዱ ሰዎች ዘንባባ ሲባል የሚያውቁት ያንን ነው። የእስከዳር ዘንባባ ግን ከሩቅ አገር የመጣ ለጌጥ የሚተከል ዘር ነበር፤ አንድ ግንድ፣ አንድ ልብ። በቁመቱና በቅጠሉ ሲያዩት ዘንባባ ነው፣ ሌላ ምን ይሉታል? ከሦስቱ ማንም ይህን አላሰበም።

መሰላል መጣ። ቄሱ ለሌላ ሰው አልተዉትም። ራሳቸው ወጥተው አማትበው ቆረጡት፤ ዙሪያውን የነበሩትን ለጋዎችም ጨመሩ። ልቡ ሲቆረጥ ውስጡ እንደ ወተት ነጭ ነበር።

በማግሥቱ ያ ቅጠል ቀጭን ቀጭን ሆኖ ተሰንጥቆ ለደብሩ ሰው ሁሉ ደረሰ። ሽማግሌው በግንባሩ አሰረው፣ ሴቶች ቀለበት አድርገው በጣታቸው አጠለቁት፣ ሌላውም መስቀል አድርጎ ያዘው። ዓይናዲስ በሴቶች በኩል ቆማ ዙሪያዋን ስታይ ልጇን በሰው ሁሉ እጅ አየቻት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ደስ አላት።

ቅዳሴው አልቆ ጸሎተ ፍትሐት ተጀመረ። ከሆሳዕና ማግሥት እስከ ትንሣኤ ፍትሐት የለም። በዚያ ሳምንት የሚሞት ቢኖር ተብሎ በቁሙ ላለው ሰው ሁሉ አስቀድሞ ይፈታለታል። ስለዚህ በዚያ ዕለት ሕያውም ሙትም በአንድ ጸሎት ይቆማል፤ ማንም ስለ ቆመ ሞተ አይባልም። ዓይናዲስ ይህን ከልጅነቷ ታውቀዋለች፣ ፈርታውም አታውቅም። ቄስ ገብረ ሊባኖስ ሲያነቡ ድምፃቸው አንድ ቦታ ላይ ዝቅ አለ፣ ተሰበረ፣ ተመልሶ ተነሣ። ዓይናዲስ ጣቷ ላይ ያለውን የዘንባባ ቀለበት በሌላው እጇ አጥብቃ ያዘች። ቤት ሲገቡም ስለዚያ ነገር አንዳቸውም አላነሡም።

ፋሲካ አለፈ። በየማለዳው ዓይናዲስ አንገቷን ቀና አድርጋ አዲሱ ጦር ብቅ ማለቱን ታያለች። ዕርገት አለፈ፣ ጰራቅሊጦስ አለፈ። ክረምቱ ገብቶ ሙዙ ሲወፍር፣ ቡገንቪሊያው አጥሩን ሲዘል፣ የዘንባባው ቅጠሎች ከዳር ጀምረው ቢጫ ሆኑና አንድ በአንድ ተንጠለጠሉ። እሷ ዝናብ እየዘነበ ታጠጣው ነበር። ባንቺ ይህን ከአጥሩ ማዶ አይታ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተመለሰች።

አስማረ ለገበያ መጥቶ ሊጠይቃቸው ሲገባ ዘንባባውን አየው። ተንበርክኮ በሥሩ ዙሪያ አፈሩን እየዳሰሰ ቡቃያ ፈለገ። ምንም የለም። "ይኼ ብቻውን የቆመ ኖሯል" አለ፤ የቀረበለትን ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ተነሥቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ አንድ ማለዳ ዓይናዲስ ከቤት ስትወጣ ቄስ ገብረ ሊባኖስን ዘንባባው ሥር አገኘቻቸው። ማሰሮ ይዘው ያጠጣሉ። ከላይ አንድ አረንጓዴ ቅጠል አልነበረም። ውኃው ቀሚሳቸው ላይ ፈስሷል።

"አንቱ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ገደልሁት" አሉ ሳይዞሩ። "የሰጠሽኝን አንድ ነገር በእጄ ገደልሁት።"

ዓይናዲስ ማሰሮውን ከእጃቸው ተቀብላ መሬት አስቀመጠች።

"ሌላም አለ" አሉ ቄሱ። "ይህን ሳልነግርሽ ልሞት ነበር። በሆሳዕናው ፍትሐት ላይ ወለተ ሐና ብዬ በክርስትና ስሟ ጠራኋት። ከሙታኑ ጋር ጠራኋት። አንቺን ሳላስፈቅድ።"

"ሰምቻለሁ" አለች።

ቄሱ ዞሩ። "ሰምተሽ ዝም አልሽ?"

"ዝም አልሁ። አቁሙ፣ ልጄ አልሞተችም ብዬ መጮህ ነበረብኝ። ጩኸቱ እስኪመጣ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ያን ጊዜ አወቅሁት። ከዚያ በፊትም ሳላውቀው አልቀረሁም።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ በዝናብ ማጠጣትሽ?"

"አጠጭልኝ ብላኛለች። ሌላ ያዘዘችኝ ነገር የለ" አለች ዓይናዲስ። "ዘንባባው ስለ ደረቀ አይምሰልዎ። እንጨት ነው፣ እንጨት ይደርቃል። እኔ ነኝ የደከመኝ። ሞታለች ብሎ የሚያለቅስላት ሰው እንኳ አሳጣኋት። ባሕር ላይ ብቻዋን ቀርታ፣ እዚህም ብቻዋን አስቀረኋት።"

ቄስ ገብረ ሊባኖስ ማልቀስ ጀመሩ። ዓይናዲስ አብራ አላለቀሰችም፤ የሷ ልቅሶ ገና ነበር። ወደ ቤት ገባች። ስትወጣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ነበር። የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ባንቺ ከደጇ ሆና የተዘቀዘቀውን ነጠላ ስታይ የምታቦካውን ሊጥ በእጇ እንደያዘች ጮኸች፤ ከዚያ በኋላ ሰፈሩን መጥራት አላስፈለገም።

ቀኑ የገበያ ነበርና አስማረም ሰምቶ ከገበያው መጣ። ዝናቡ እያካፋ ስለነበር ወንዶቹ ድንኳን መወጠር ጀመሩ። ቄሱ ወደ ዘንባባው እያዩ "ይኼን እንቁረጠው፣ እያየሽው አትቃጠይ" አሏት።

"ይቁም" አለች ዓይናዲስ። "ለድንኳኑ ማሰሪያ ይሆናል።"

አስማረ መሰላሉን አምጥቶ ወጣና ገመዱን ከደረቀው ግንድ ላይ ደጋግሞ ጠምጥሞ አሰረው። ሸራው ተወጠረ፤ ዝናቡም ላዩ ላይ ይሰማ ጀመር። ዓይናዲስ ግንዱን ተደግፋ ከሥሩ ተቀመጠች። ቀና ብላ ሸራውን አየች።

"ጥላ ይሆንሻል ብላኝ ነበር" አለች ለባንቺ። ከዚያ የልጇን ስም ጠርታ አለቀሰች።