ስኳር የሌለው ሻይ

ብርጭቆው ብየዳ ቤቱ ውስጥ ከቆመው የብረት በር ጋር ተላትሞ ተከሰከሰ።

"ይሄ ሻይ ነው ወይስ እጣቢ?" አለ በያጁ። "ሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው ፔርሙስ ተሸክመሽ የመጣሽው?"

"ሐኪሙ ያለህን ረሳኸው?" አለች ሚስቱ፣ ስብርባሪውን በእግሯ ወደ ጥግ እየገፋች። "አንዱን የእግር ጣትህን ቆርጠውታል። ስኳርህ ካልወረደ ቀጥሎ እግርህ ነው!"

ይህን ጊዜ ቀለም ቀቢው ዝም ቢል ምን ነበረበት! ግን ምላሱ ከብሩሹ ይፈጥናል።

"ተዋት እንጂ፣" አለ እየሳቀ። "ጡት እያስጣለችህ ነው!"

ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። በያጁ በሌላው መቀለድ እንጂ በእሱ ሲቀለድ አይወድም። የብረት ዘንግ መዥረጥ አድርጎ የቀለም ቀቢውን ትከሻ አቀመሰው። ደገመና አፉን አለው። ሰውዬው ከነቀለም ቆርቆሮው ተዘረረ፤ ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ።

"በሞቴ! ልትገድለው ነው!" ብላ ሚስቱ መሃል ገባች።

በያጁ ክዳኑ የተከፈተውን ፔርሙስ አንስቶ ወረወረባት። ትኩሱ ሻይ ከክርኗ እስከ ጣቶቿ ወረደ። ጩኸቷ ከመንገዱ ማዶ ተሰማ። ሠራተኞቹ ተረባርበው መሬት ላይ እስኪያጣብቁት ድረስ በያጁ ይሳደብ ነበር።

ሴትዮዋ ለዚህ ሻይ ያልሆነችው የለም። ምግቡ በወጉ እንዲዋሃደው ብላ ከበላ በኋላ ቆይታ ነበር የምታቀርብለት። ጉሮሮውን እንዳያቃጥለውም አብርዳ ትቀዳለታለች። ስኳሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች። ለራሷ የሚተርፋት የቀዘቀዘው አተላ ነው። ትወደው ነበር፤ በገዛ አፉ እንዳይሞትባት ትፈራ ነበር።

ማምሻውን በያጁ አንገቱን ደፍቶ ቤት ገባ። የእሷ ክንድ በፋሻ ተጠቅልሏል።

"እጅሽ እንዴት ሆነ?"

"አለ።"

"ሰይጣን አሳስቶኝ ነው እኮ። አንቺም መሃል ባትገቢ..." ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ሻይ አለ?"

በደህናው እጇ ቀዳችለት። ከዚያ ቁም ሳጥኑን ከፈተችና የስኳሩን ጣሳ ከነማንኪያው ፊቱ አኖረችው። በያጁ ዓይኑን ማመን አቃተው። አንድ ማንኪያ ጨመረ። ሁለተኛውን ሲጨምር ቀና ብሎ አያት። ሦስተኛውን ብርጭቆው አፍ ላይ አንጠልጥሎ ጠበቀ።

እሷ ለራሷ ትኩስ ሻይ ቀድታ፣ ስኳር ሳትጨምርበት፣ ፉት እያለች ነበር። እንዲህ ተቀምጣ ስትጠጣ አይቷት አያውቅም።

"ምነው ዝም አልሽ?" አለ። ድምፁ ፈራ ተባ የሚል ነበር። "ስንት ላድርግ?"

"እንደወደድክ።"

ሻይዋን እስከ መጨረሻው ጠጣች። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ጣሳው አጠገብ አስቀመጠችለትና፣ በር ሥር ያዘጋጀችውን ሻንጣ አነሳች።