የጨሰው ክር

እንቁ ተከራይዋን የጠረጠረቻት ገና ግቢ በገባች በሳምንቷ ነው። መምህርት ምብራት ድምጿ ዝግ ያለ፣ ደጃፏ የተጠረገ፣ ከማንም የማትጣላ ሴት ናት። እንቁን ያሳሰባትም ይኸው ነው። «ሰው እንዴት እንከን ያጣል? አንድ ቦታ ደብቃዋለች» አለች በልቧ።

ከጊዮርጊስ ጀርባ ባለው በዚያ ግቢ ሰው የሚመዘነው በዘሩ ነው።

«አገርሽ የት ነው?»

«ጎንደር፣ እትዬ እንቁ።»

«ወላጆችሽስ?»

«አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። እናቴ ሸክላ ትሠራ ነበር።»

እንቁ ፈገግ ብላ ሻይ ጨመረችላት። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ምብራት በበረንዳው ባለፈች ቁጥር የምግቡ ትሪ በሰፌድ ይከደናል። እንቁ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፤ ሰው በዓይኑ ይበላል ሲባል ሰምታ ነው ያደገችው።

የባሰው ደግሞ ልጇ ፀደንያ የምብራት ተማሪ መሆኗ ነው።

«ዛሬ ምን አስተማረቻችሁ?»

«ስለ ሆሎኮስት። ናዚዎች ስድስት ሚሊዮን አይሁዶችን እንዴት እንደፈጁ።»

«የፈረንጅ አገር ሬሳ ለእኛ ምን ያደርግልናል?»

«ከሬሳው አይደለም የጀመረችው፣ እማዬ፤ ከወሬው ነው። ድሮ ወረርሽኝ ሲገባ ‹ውኃውን የመረዙት አይሁዶች ናቸው› ተባለ። ልጅ ሞቶ ሲገኝ ‹ደሙን እነሱ ወሰዱት› ተባለ። ማን አየ? ማንም። ወሬው ግን ሲወርድ ሲዋረድ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ሕግ ሆነ። ሕጉ ሰዉን ከነልጁ በባቡር እየጫነ ወደ ሞት ወሰደው።» ፀደንያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኛም አገር ቤተ እስራኤሎችን ቡዳ ይሏቸው ነበር አለችን።»

«ይህን ያህል ምን አንገበገባት?» እንቁ ዓይኗን አጠበበች። «ያልተነካ መቼ ይጮኻል!»

ሰኞ ጠዋት ምብራት የእንቁን የመጨረሻ ልጅ፣ የሁለት ዓመቱን ሚኪያስን፣ ጉንጩን ዳሰስ አድርጋ «ሲያምር!» አለች። እንትፍ አላለችበትም። «ከዓይን ያውጣው» አላለችም። ከሰዓት በኋላ ልጁ ትኩሳት ያዘው፤ ምግብም እምቢ አለ። ማክሰኞ ጤና ጣቢያ ተወስዶ ሽሮፕ ተሰጠው። ጎረቤቲቱ እማማ አይናዲስ ግን ጠርሙሱን አይተው ሳቁ።

«የበላችው ግቢሽ ውስጥ ተቀምጣ አንቺ በሽሮፕ ትጫወቻለሽ! ከልብሷ ክር ወስደሽ ከግዛዋ ቅጠል ጋር አጥኚው። ትለቀዋለች። ከዚያ ቤትሽን አስለቅቂያት።»

የምብራት ነጠላ ጓሮ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። እንቁ መቀሱን ለፀደንያ ሰጠቻት።

«ከዘርፉ ቁረጪ። ማንም እንዳያይሽ።»

«እማዬ፣ ተይ።»

«ወንድምሽ ይሙት?»

ፀደንያ መቀሱን ይዛ ወጣች። ቆየች። ነጭ ክር ይዛ ተመለሰች። እንቁ ተቀብላ ከቅጠሉ ጋር ፍሙ ላይ ጣለችው። ጭሱ ተነሣ፣ ሚኪያስ አስነጠሰ፣ አለቀሰ። ፀደንያ ልጁን ሳይሆን እናቷን ታይ ነበር።

በማግስቱ ልጁ ዳቦ ጠየቀ።

«አየሽ!» አለች እንቁ ፊቷ በርቶ። «ለቀቀችው! አሁኑኑ ቤቱን ልቀቂ እላታለሁ።»

«ያዳነው ክሩ ነው?»

«ታዲያ ሽሮፑ ነው?»

«የበላችውም የክሩ ባለቤት ናት?»

«ስንቴ ልንገርሽ!»

«እንግዲያው ነጠላሽን እይው፣ እማዬ።»

እንቁ ከመዝጊያው ጀርባ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን አወረደች። ከዘርፉ አንዱ ጥግ ጎድሏል። አቆራረጡ ቀጥ ያለ ነው፣ የመቀስ።

«አንቺ… በእናትሽ?»

«ለእማማ አይናዲስ ልንገራቸው? ምሳ ሳይደርስ አራዳ በሙሉ ይሰማዋል፤ ‹እንቁ የገዛ ልጇን በላች› ይባላል።»

እንቁ «ማን አየ?» ብላ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ጥያቄው ያኔ የፀደንያ እንደነበር ትዝ ሲላት ነጠላውን በእጇ ጠቀለለችው።

በረንዳው ላይ የጫማ ድምፅ ተሰማ።

«እንዴት አደሩ፣ እትዬ እንቁ? ልጁ ተሻለው?»

የእንቁ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ሰፌዱ ሄደ። ትሪው ላይ ፍርፍሩ ይጨሳል። ሰፌዱን አነሣች፣ ፀደንያን አየቻት፣ መልሳ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

«ተሽሎታል» አለች። «ነይ፣ ቁርስ ቅመሺ።»

ምብራት ያን ትሪ ተከድኖ እንጂ አይታው አታውቅም። ደፉ ላይ ቆማ መጀመሪያ ፍርፍሩን፣ ቀጥሎ እንቁን አየች፤ አሁን የመጠርጠሩ ተራ የእሷ ነበር።

«ግቢ እንጂ» አለች እንቁ፣ የተቆረጠውን ዘርፍ በመዳፏ ውስጥ ጨብጣ።