ጋሼ ማንኪያ

ሶፋ ሠሪዋ ሙያዋን የወረሰችው ከአባቷ ነው። አባትየው በደህናው ጊዜ በሁለት ነገር ይታወቁ ነበር፤ በእጃቸውና በምላሳቸው። የተጎዳ ሶፋ ያመጣ ሰው መጀመሪያ የስድብ ድርሻውን ይቀበላል። «ይሄን ወንበር ተቀመጥክበት ወይስ ታገልከው?» ይሉታል። ከዚያ ወንበሩ አዲስ ሆኖ ይመለስለታል። ምንም የሚታደስ ዕቃ ሳይኖራቸው፣ ስድባቸው ናፍቋቸው ብቻ ጎራ የሚሉ ደንበኞች ነበሩ።

ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታቸው። እግራቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ፣ ቀኝ እጃቸውም እያደር መጨበጥ ጀመረ። ቃላቸው ግን ተደበላለቀባቸው። የሚፈልጉት ነገር ጭንቅላታቸው ውስጥ ቁልጭ ብሎ እያለ አፋቸው ላይ ሌላ ይመጣል። መዶሻውን ማንኪያ ይሉታል፤ መስኮቱን ፈረስ። ሐኪሙ ሁለቱን ልጆቻቸውን ጠርቶ «አትቅደሟቸው፣ አታርሟቸው፣ ጠብቋቸው» አላቸው። እነሱም ይጠብቁ ነበር። አባትየው ቃሉን ፍለጋ ግንባራቸውን ቋጥረው ሲቆዩ፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ አብሮ ይቆያል።

ታናሽ ወንድሟ መርፌ ከያዘ የሚሰፋው ጣቱን ነው፤ ካሜራ ላይ ግን እጁ ፍቱን ነበር። አሮጌ ሶፋ ሲገሸለጥ፣ የዛገ ምስማር ሲነቀል፣ የላላ ስፕሪንግ ሲታሰር እየቀረጸ የቤተሰቡን ቻናል የከፈተው እሱ ነው። ተመልካቾቹ ብዙ አልነበሩም፤ ያሉት ግን ሥራ ወዳዶች ናቸው፣ ስለ ስፖንጅ ውፍረት ይከራከራሉ። እሷን ይሄ ይበቃት ነበር። እሱን አልበቃውም።

«እታለም፣ ብቻችንን ከሆንን እዚሁ እንደተጎለትን እንቀራለን» ይላት ነበር። «ሰው የሚያድገው ከሌላው ጋር ሠርቶ ነው። የእሱ ተከታይ ወደ እኛ፣ የእኛ ወደ እሱ።»

አንዴ ሞከሩት፤ አሮጌ ቁም ሳጥንና ጠረጴዛ ቀለም እየቀባች ከምታሳይ አንዲት ሴት ጋር። ቀለም ቀቢዋ የወንበሩን እንጨት ቀባች፣ ሶፋ ሠሪዋ ጨርቁን ለበጠች፣ ሁለቱም ቪዲዮውን በየቻናላቸው አወጡት። የዚያችኛዋ ሰዎች ወደዚህ መጡ፣ የዚህኞቹም ወደዚያ ሄዱ። ሁለቱ ሴቶችም በዚያው ተዋወቁና መደዋወል ጀመሩ። ሶፋ ሠሪዋ «እንዲህ ከሆነማ ምን ከፋኝ» አለች። ወንድሟ ይህንን እንደ ፈቃድ ቆጠረውና ፈንዲሻን ይዞ መጣ።

ፈንዲሻ የሚሉት ሳቁ ድንገት እየፈነዳ ስለሚበተን ነው። በየሳምንቱ አንድ ሙያ ይመርጣል፣ ተለማማጅ መስሎ ይገባል፣ ሥራውን ያበላሻል፣ አገር ይስቃል። ተከታዩ የት የሌለ ነው። ካሜራ ከሚይዝ ጓደኛው ጋር ወርክሾፑ ደጃፍ ላይ ሲደርስ፣ ሶፋ ሠሪዋ ገና ሰላም ሳትለው መንገዱን ዘጋችው።

«አንድ ነገር ብቻ። አባቴ አይቀረጽም።»

«ኧረ በእናቴ!» አለ ፈንዲሻ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ፋዘርማ ክብራችን ናቸው። ምን በወጣኝ!»

የዕለቱ ሥራ ጥሩ ሄደ፤ ይሄን እሷም አትክድም። ፈንዲሻ የገዛ ሸሚዙን ከሶፋው ጨርቅ ጋር ደርቦ በስቴፕለር መታና መነሳት አቃተው፤ እሷም ሆዷን ይዛ ሳቀች። አባትየው መስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው አዝራር እየለዩ ነበር። ፈንዲሻ በየመሀሉ ውሃ ቀዳላቸው፣ ትራሳቸውን አስተካከለላቸው፣ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ዕቃ እያነሳ አጫወታቸው። ልጅቷም «አስተዳደግ ያለው ነው» ብላ በልቧ መረቀችው።

ቪዲዮው ወጥቶ ጥቂት ቀናት እንዳለፉ አንዲት ደንበኛ ያሳደሰችውን ወንበር ልትወስድ መጣች። ገና ከመግባቷ ፊቷ በፈገግታ ተሞልቶ፣ «ጋሼ ማንኪያስ፣ ደህና ናቸው?» አለች።

«ማን አሉኝ?»

«አባትሽ ናቸዋ! ልጆቼ እኮ በሳቅ ሞቱ። ማንኪያ ባነሱ ቁጥር እሳቸውን ነው የሚያስመስሉት።»

ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። ስልኳን አውጥታ አሳየቻት። ከሶፋ ሥራው ቪዲዮ ሌላ ፈንዲሻ አንድ አጭር ነገር ለብቻው አውጥቷል። አባትየው መዶሻ ይዘዋል። «ፋዘር፣ ይሄ ምንድን ነው?» ይላል የፈንዲሻ ድምፅ። «ማን… ማንኪያ» ይላሉ እሳቸው፣ እንደተሳሳቱ ገብቷቸው ዓይናቸው እየተንከራተተ። ያቺ «ማንኪያ» ተቆርጣ፣ ተደጋግማ፣ ከበሮ ተጨምሮባት ዘፈን ሆናለች። ከሥር በትልልቅ ፊደል «ፋዘር ምን ሊሉ ፈልገው ነው? ገምቱ!» ይላል።

ሶፋ ሠሪዋ እስከ መጨረሻው ማየት አልቻለችም፤ ስልኩን መለሰችላት። ደንበኛዋ ነገሩ ሲገባት ወንበሯን አንስታ ቶሎ ወጣች። ልጅቷ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ፣ የስፖንጅ ብናኝ ፀጉሯ ላይ እንዳለ፣ ታክሲ ይዛ ወደ ፈንዲሻ ስቱዲዮ በረረች።

ስቱዲዮው ፎቅ ላይ ያለ አንድ ክፍል ነው፤ አንደኛው ግድግዳ በቀለም አምሮ ለካሜራ የተሰናዳ፣ ሌሎቹ ሦስቱ ልጣጫቸው የረገፈ። ፈንዲሻ ሳንድዊች እየበላ ነበር።

«አውርደው» አለችው።

«ቁጭ በይ እስቲ መጀመሪያ…»

«አልቀመጥም! ምን ብዬህ ነበር? አባቴ አይቀረጽም አላልኩህም? በእናትህ አልማልክልኝም?»

«እኔኮ አልቀረጽኳቸውም» አለ እየጎረሰ፣ ምንም ሳይደነግጥ። «ድምፅ ብቻ ነው የሰጠሁት። ምስሉን የላከልኝ ወንድምሽ ነው። የጋራ ሥራ አይደል እንዴ? አላየሽውም እንዴ እስከ መጨረሻው?»

ወደ ትልቁ ስክሪን ዞሮ ከፈተላት። ከመዶሻው ቀጥሎ ሌላ ምስል መጣ፤ የቤታቸው ሳሎን። አባትየው በካናቴራ ናቸው፣ ገና ከሆስፒታል እንደወጡ። ልጃቸውን በሟች ሚስታቸው ስም ይጠሯታል፤ ስሙ ልክ እንዳልሆነ ያውቁታል፣ ደግመው ይሞክራሉ፣ ያው ስም ይመጣል። እሷም ያኔ እንዴት ወደ ጓዳ ገብታ እንዳለቀሰች ታስታውሳለች። ያን ቀን ቤት ውስጥ ከሦስቱ በቀር ማንም አልነበረም። በዚህኛው ላይ ደግሞ የሳቅ ድምፅ ተጨምሮበታል።

ደሟ ፈላ። ምን ምን እንዳለችው ኋላ ላይ በቅጡ አታስታውሰውም፤ ብቻ ድምፅዋ ደረጃው ድረስ ይሰማ ነበር። ስትጨርስ ፈንዲሻ ሳንድዊቹን አስቀመጠና በአድናቆት አያት።

«ይሄ እኮ ወርቅ ነው!» አላት። «ይሄን ንዴት ካሜራ ፊት ትደግሚልኛለሽ? በሩን በርግደሽ ግቢ፣ እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ እግርሽ ላይ እወድቃለሁ። እውነቴን ነው፣ ከልቤ ነው የምጠይቀው። የአንቺም ቻናል ይተኮሳል።»

ያኔ ነው ጓደኛው ጥግ ላይ ቆሞ እየቀረጻት መሆኑን ያየችው። ሄዳ መዳፏን ካሜራው ዓይን ላይ ለጠፈች። ሙጫ የነካው እጇ መስተዋቱን አጨማለቀው።

«አጥፋው» አለችው። ልጁ አጠፋው። ወደ ፈንዲሻ ዞረች። «ከአባቴ በሽታ ሳቅ ፈለቀቅክ። አሁን ደግሞ ከኔ ንዴት ልትለቅም ነው? አንተ ሰው ታያለህ ወይስ ብዙ የሚታይልህን ቪዲዮ ብቻ?»

«ወንድምሽ አውርደው ይበለኝና አሁኑኑ አወርዳለሁ» አለ ፈንዲሻ፣ አሁን እሱም ተኮሳትሮ። «ያወጣነው ተስማምተን ነው። ቤታችሁ ውስጥ ያልጨረሳችሁትን እኔ ላይ አታምጪ።»

የሚያናድደው ደግሞ ይሄኛው እውነት መሆኑ ነበር።

ወርክሾፑ ስትደርስ ወንድሟ ካልተለበጠ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስልኩን እያየ ፈገግ ይላል። «እታለም፣ የት ጠፋሽ? ነይ እይ፣ ሰው እንደ ጉድ እየገባልን ነው!»

ስልኩን ከእጁ ነጥቃ የስፖንጅ ክምር ውስጥ ወረወረችው።

«ሸጥከው!» አለችው። «የገዛ አባትህን!»

«ምን ሸጥኩ? ማን ሰደበው? ኮሜንቱን አንብቢው፣ ሁሉም እንወድዎታለን ነው የሚለው!»

«የወደዱት በሽታውን ነው! አባዬን ማን ያውቀዋል? በአንድ ቃል ሦስት ሰው የሚያስቅ ሰው እንደነበር ማን ነገራቸው? አንተ ታውቃለህ። እያወቅክ ካናቴራ ለብሶ ሲንተባተብ ላክህላቸው።»

ወንድሟ ተነሳ። ዓይኑ ቀላ። «እኔስ ልጁ አይደለሁም? አንቺ ቀኑን ሙሉ ሶፋሽ ላይ ተደፍተሽ ትውያለሽ። የሚያጥበው ማን ነው? መጸዳጃ ቤት የሚያደርሰው ማን ነው? አንድ ነገር ልሥራ ብዬ ተነሳሁ፣ አንድ ነገር! ለማን መሰለሽ? ይሄ ቤት እንዲቆም ነው!»

«ስላጠብከው ገላው ያንተ ሆነ? እንደፈለግክ ልታሳየው?»

የጓዳው መጋረጃ ተከፈተ። አባትየው ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል።

ለካ ሁሉንም ሰምተዋል። ለካ ከመስማታቸው በፊትም ያውቁ ነበር፤ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ለቀናት በመስኮቱ ሥር እያለፉ «ማንኪያ! ማንኪያ!» ሲሉ ነገሩ ምን እንደሆነ ማንንም ሳይጠይቁ ሲያብሰለስሉት ከርመዋል። አሁን እጃቸውን ዘረጉ። ስልኩን ነው የሚፈልጉት።

«አባዬ፣ ተው፣ ምን ያደርግልሃል» አለች ልጅቷ።

አባትየው ምርኩዛቸውን ከመሥሪያ ጠረጴዛው ጋር አጋጩት። አዝራሩ ሁሉ ተበተነ። እሷ ላይም ነበር የተቆጡት። ማየት የሚገባቸውንና የማይገባቸውን እሷም ብትሆን ልትወስንላቸው አትችልም። ስልኩን ከስፖንጁ ውስጥ አውጥታ ከፍታ ሰጠቻቸው።

ቆመው አዩት፣ እስከ መጨረሻው። ከበሮው ሲመታ፣ ሳቁ ሲፈነዳ፣ የሚስታቸው ስም ሲደጋገም ፊታቸው አልተለወጠም። ሲያልቅ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ልጃቸውን አዩት። በጣታቸው በሩን አመለከቱ።

«ግባ!» አሉት።

ወንድምየው ባለበት ደረቀ። አባትየው የወጣው ቃል ሌላ መሆኑን አወቁት። ደም ሥራቸው ተገተረ፣ ግንባራቸው ላብ ቸፈፈ። ሐኪሙ እንዳለው ልጆቹ ጠበቁ። ማንም አልቀደማቸው፣ ማንም አላረማቸው። ቃሉ አልመጣም። አባትየው መፈለጉን ተዉትና ግድግዳው ሥር ወደቆመው የካሜራ ማቆሚያ ብረት ሄዱ፣ በደከመው እጃቸው ጨብጠው እየጎተቱ በሩ ላይ ደረሱ፣ ወደ ደጅ ወረወሩት። ብረቱ አስፋልቱ ላይ ተንከባሎ ተንኳኳ።

ወንድምየው ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ደጅ ቆሞ ለፈንዲሻ ሲደውል «አውርደው፣ በቃ አውርደው» ሲል ሰሙት።

ፈንዲሻ አወረደው። የተቆረጡት ቁርጥራጮች ግን በየሰዉ ስልክ ተበትነዋል፤ የትኛውን ከየት ይለቅሙታል? በቤተሰቡ ቻናል ላይ አዲስ የጎረፈው ሕዝብ «ፋዘር የታሉ?» እያለ ይጮህ ጀመር። ሶፋ ሠሪዋ አንድ ቀን ስልኳን ራሷ አቆመችና ራሷን እየቀረጸች ተናገረች። አላለቀሰችም፣ አልተለማመጠችም። «ያያችሁት ሰው ታሞ ነው። ይሄን ሙያ ያስተማረኝ እሱ ነው። የመጣችሁት በእሱ ለመሳቅ ከሆነ፣ እባካችሁ አልልም፤ ውጡልኝ» አለች። ብዙዎቹ እየሰደቧት ወጡ። ስለ ስፖንጅ ውፍረት የሚከራከሩት ቀሩ። ቀለም ቀቢዋ ደውላ፣ ፈንዲሻ አብረን እንሥራ ብሎ ቀጠሮ አሲዟት እንደነበርና ቀጠሮውን እንደሰረዘችው ነገረቻት። «ለምን እንደሆነም በቻናሌ ላይ ስሙን ጠርቼ ተናግሬያለሁ» አለቻት። ለሶፋ ሠሪዋ በዚያ ሰሞን የደረሳት ደግ ነገር ያ ብቻ ነበር።

ወንድሟ አሁን ጓደኛው ጋ ነው የሚኖረው፤ ፎቶ ቤት ተቀጥሯል። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቱን ሊያጥብ ይመጣል፤ አባትየው በሴት ልጃቸው መታጠብን እምቢ ብለዋል። ልብሳቸውን ሲያወልቅላቸው አይከለክሉትም፣ ጀርባቸውንም ይሰጡታል። ከእሷ ጋር ቀኑን ሙሉ ቃል ሲሳሳቱ፣ ራሳቸው ሲያርሙ፣ አንዳንዴም ስድብ ሲቀናቸው ይውላሉ፤ ለእሱ ግን ትክክልም ሆነ ስሕተት አንዲት ቃል አይወረውሩለትም።

ባለፈው ቅዳሜ ጨርሶ ሲወጣ እጅጌው እንደረጠበ ሶፋ ሠሪዋ አጠገብ ቆመ። እሷ ምስማር በከንፈሯ ይዛ የወንበር ጀርባ እየወጠረች ነበር።

«እታለም፣ እስከ መቼ ነው?» አላት። «ያጠፋሁትን አውቄያለሁ። አባዬ ዝም ይበለኝ፣ ይገባኛል። አንቺስ?»

ምስማሩን ከአፏ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ፊቱ ከስቷል፤ አየችው። ልታዝንለት ሞከረች። ሳሎናቸው ግን ዓይኗ ላይ ድቅን አለባት፤ ካናቴራው፣ የእናቷ ስም፣ የማያውቋቸው ሰዎች ሳቅ።

«አልበረደልኝም» አለችው። «ሲበርድልኝ እነግርሃለሁ።»

አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እስካሁን አልነገረችውም።