የስፒናው ሦስተኛ እግር

አቡዘር ሰጠመበት የተባለው ውኃ ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም ነበር። ይህን የሪግአባድ መንደር ሰው ሁሉ ያውቃል። ሐጅ ነስሩላህ «ሰጠመ» ካሉ ግን ሰጠመ ነው፤ የመንደሩ ግማሽ ውሎ የሚገባው ከእሳቸው የፒስታሽዮ ለውዝ እርሻ ነውና። ኤሌክትሪክ ሠሪው ቡርዙም የሟቹን ሥራ ሊረከብ ከአርደካን ከተማ ሲመጣ ወሬውን ሰማ። ሥራ ፈትቶ የአማቱን ፊት ሲያይ የከረመ ሰው ነው፤ ሚስቱም የመውለጃዋ ወር ገብቷል። እንዲህ ያለ ሰው የቀደመው ሠራተኛ እንዴት ሞተ ብሎ አይመረምርም። ቁልፉን ተቀብሎ ይገባል።

የገባበት ቦታ የድሮ የውኃ ጎተራ ነው፤ ከመሬት በታች የተቆፈረ፣ ጉልላት የተደፋበት፣ በማዕዘኖቹ ነፋስ የሚስቡ የጭቃ ማማዎች የቆሙለት። ቧንቧ በየቤቱ ከገባ ወዲህ ውኃው ደርቆ ወለሉ ላይ እርጥበትና አንዳንድ ኩሬ ብቻ ቀርቷል። ለሐጂ ግን እንዲህ ያለ ቤት ከየት ይገኛል? ማማዎቹ በነፃ ያቀዘቅዛሉ፣ ግድግዳው ጩኸት ይውጣል፣ መብራቱ ከእርሻው ፓምፕ መስመር ተጠልፎ ይመጣል፤ አያቶች ውኃ ሲቀዱበት በኖሩት ጎተራ ውስጥ ቀን ከሌት የኮምፒውተር ገንዘብ የሚያመርት የቢትኮይን ማሽን ይኖራል ብሎ የሚጠረጥር ተቆጣጣሪም የለም። ብቻ ከማማዎቹ አናት በብርዱ ወራት ሞቃት አየር ይወጣ ጀመር። እርግቦቹ እዚያ ተሰበሰቡ። አሮጊቶቹ ደግሞ በዚያ በኩል ማለፍ ተዉ።

ሥራው ጉልበት አይፈልግም፤ ጥንቃቄ ነው የሚፈልገው። እያንዳንዱ ማሽን ኮረንቲ የሚመግቡት ሁለት ፓወር ሰፕላይ አለው። አንዱ የማሽኑን አንጎል ያበላል፣ ሌላው ሰሌዳዎቹን። የአንዱን ሰሌዳ የኬብል ራሶች ከሁለቱም ቀላቅለህ ከሰካህ ተቃጠለ ማለት ነው። ማሽኑ ሲበራም አንጎሉ መጨረሻ ይበራል። አቡዘር ይህን ሁሉ የሚያውቅ፣ እጁ የጸዳ ሠራተኛ እንደነበረ ቡርዙ ገና ኬብሎቹን ሲያይ ገባው። አንድ ነገር ብቻ ጥሏል። ፓወር ሰፕላዮቹ ባለ ሦስት እግር ስፒና ይዘው የመጡ ናቸው፤ የሐጂ የኮረንቲ ማከፋፈያ ግን ሁለት ቀዳዳ ነው ያለው። ሦስተኛዋ እግር የመሬት ናት፤ ውስጥ የሆነ ሽቦ ቢላላጥ ኮረንቲውን ወደ መሬት የምትሸኝ። አቡዘር በዚያ አገር ያለ ኤሌክትሪክ ሠሪ ሁሉ እንደሚያደርገው እሷን በፒንሳ ቆርጦ ጥሏታል። ቡርዙም የአዲሶቹን ማሽኖች ሦስተኛ እግር እያፏጨ ቆረጠ።

በመጨረሻው መደርደሪያ ላይ አንድ ማሽን በጅምር ቀርቶ ነበር። ሁለት ራስ ተሰክቷል፣ ሦስተኛው ተንጠልጥሏል፣ ካቻቢቷም አጠገቡ ተቀምጣለች፤ ባለቤቱ ሽንቱን ሊሸና ወጣ ብሎ የሚመለስ ይመስላል። አቡዘር ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ማንም አልነካውም። ቡርዙ ቢስሚላሂ ብሎ የቀረውን ራስ ሰካና ሌላ ሥራ ቀጠለ። በማግሥቱ ሲመጣ የሰካው ራስ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጩኸቱ ጆሮውን ሲያደክመው ወጣ ብሎ ወደ ጎተራው ጀርባ ዞረ። በዚያ በኩል ረጅም ደረጃ ወደ ታች ይወርዳል፤ ታች፣ ጎተራው ግድግዳ ላይ፣ ድሮ መንደሩ የሚቀዳበት የነሐስ ቧንቧ አለ። ቀዝቃዛ ስለሆነ ምሳውን እዚያ ሊበላ ወረደ። ከታች አንዲት ጥቁር ቻዶር የለበሱ ሴት ቆመዋል። በአንድ እጃቸው የተምር ሳህን ይዘዋል፣ በሌላው ቧንቧውን ጨብጠዋል፤ ገበያ መሐል የልጅ እጅ እንደሚያዝ አድርገው ነው የያዙት።

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ እናቴ።»

«ላንተም ይሁን። አዲሱ ኢንጂነር አንተ ነህ?»

«ኧረ እኔ ኤሌክትሪክ ሠሪ ነኝ።»

«የእኔንም ልጅ ኢንጂነር ነበር የሚሉት። እዚህ አገር ካቻቢት የያዘ ሁሉ ኢንጂነር ነው። ሹከት እባላለሁ፣ የአቡዘር እናት። ተምር ብላና ለነፍሱ ፋቲሐ ቅራለት።»

ቡርዙ ቀራለት። ከግድግዳው ወዲያ ማሽኖቹ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻሉ።

«ቧንቧው ውኃ ይሰጣል እንዴ?»

«ውኃ ፍለጋ አልመጣሁም። እጄን ይይዘኛል።»

«ማን?»

«እንግዲህ ማን ይሆናል?» አሉ ሹከት፣ የቀለለ ነገር እንደተጠየቀ ሰው። «አብዳለች በል፣ ግድ የለም፤ የወንድሜ ልጆችም ይላሉ። መጀመሪያ ትንሽ ነበር የሚይዘኝ። አንተ ከመጣህ ወዲህ አጥብቋል። ካላመንክ ንካው።»

ቡርዙ ሙያው እንዳስለመደው በጣቶቹ ጀርባ ነካው። ጉንዳን የሚመስል ነገር ክንዱን ይዞ ወጣ። እጁን ሰብሰብ አድርጎ መጀመሪያ ያየው እግራቸውን ነው፤ የላስቲክ ጫማ ነው፣ ደረጃውም ደረቅ ነው። በዚያ ነው የዳኑት። የብረት መደርደሪያው እግር ከውስጥ በኩል ወደዚህ ቧንቧ በሚመጣው የድሮ ቱቦ ላይ እንደቆመ ትዝ አለው። መሬት ያጣው ኮረንቲ ሁሉ መውጫው ይህ ቧንቧ ነው። አዲስ ማሽን በሰካ ቁጥር ደግሞ ይጨምራል።

«ሬሳውን ያጠበው ሰውዬ አንድ ነገር ነግሮኛል» አሉ ሹከት። «ቀኝ መዳፉ ውስጥ ጥቁር ምልክት ነበረው፣ ያረረ ዳቦ የሚመስል። ሐጂን ብጠይቃቸው ገመድ ሲጎትት የፈጀው ነው አሉኝ። አንተ የሙያው ሰው ነህ። እንዲህ ያለ ምልክት መዳፍ ላይ ምን ያወጣል?»

ቡርዙ ያውቃል። ቴክኒክ ትምህርት ቤት አስተማሪው የእንዲህ ያለ መዳፍ ፎቶ አሳይቷቸዋል፤ ያን ቀን ምሳ የበላ ተማሪ አልነበረም። አሁን ግን የመጣበት የሚስቱ ሆድ ነው፣ የአማቱ ፊት ነው፣ ገና የተረከበው ቁልፍ ነው።

«እኔ እንጃ፣ እናቴ። ገመድም ያደርጋል።»

የሹከት ፊት በሕመም ተጨማደደ። «ውይ። አሁን ጨመቀኝ» ብለው እጃቸውን በመከራ አላቀቁና እያሻሹ አዩት። «ምን አስቀይመኸው ነው?»

ቡርዙ ምሳውን ጠቀለለ። «ባይመጡ ይሻላል፣ ደረጃው ያዳልጣል» አለ።

«በሚመጣው ሐሙስ ሙት ዓመቱ ነው። ደረጃውን አጥቤ፣ ሻማ አብርቼ፣ ከልጄ ጋር እውላለሁ።»

«እንግዲያው ጫማዎን እንዳያወልቁ።»

«በልጄ ሙት ዓመት በጫማ ልቁምልህ?» ብለው ሳቁበት።

በማግሥቱ ሐጅ ነስሩላህን ፒስታሽዮ ከሚደርቅበት ግቢያቸው አገኛቸው። ደግ ፊት አላቸው፤ ክፋቱ እሱ ነው። ሰውን ሲከለክሉ እንኳ የሰጡ ይመስላሉ።

«ሐጂ፣ ማሽኖቹ መሬት ይፈልጋሉ።»

«እርሻ ሞልቶልኛል፤ የትኛውን ልስጣቸው?»

ቡርዙ አልሳቀም። ወለሉ ላይ ብረት ተቀብሮ፣ ማሽኖቹ ሁሉ በሽቦ ከብረቱ ጋር መታሰር እንዳለባቸው፣ መደርደሪያውም ከቱቦው ላይ መነሳት እንዳለበት ነገራቸው። ሥራው አንድ ቀን ነው፤ አንድ ቀን ማሽኖቹ ይቆማሉ። ስለ ቧንቧው ነገራቸው፤ ስለ ሙት ዓመቱም፣ ስለሚታጠበው ደረጃ፣ ስለ ባዶ እግር።

ሐጂ አንዲት ፍሬ ሰብረው ለእሱ አቀበሉት።

«የአንድ ቀኑ ነገር አይደለም ልጄ። ዛሬ ብረት ብትቀብር፣ አምና ለምን አልተቀበረም የሚል ይመጣል። የመጀመሪያዋም ያቺ ሴትዮ ናት። ሐሙስ ይለፍና እናየዋለን። ሰኞ ከባንዳር ወደብ የሚገቡ ማሽኖች አሉ፣ እነሱን አገናኝልኝ።»

«ሐሙስ ሊሞቱ ይችላሉ እኮ፣ ሐጂ።»

«ዕድሜ በአላህ እጅ ነው። ሚስትህ መቼ ነው የምትወልደው? ስለ ሐኪም ቤቱ ወጪ እንዳታስብ።»

ቡርዙ ፍሬዋን ይዞ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ እያኘካት እንደሆነ ታወቀውና ራሱን ጠላ።

ሰኞ የባንዳር ማሽኖቹ ገቡ። ከማሽን ማሽን እየዞረ ፓወር ሰፕላይ ሲያገናኝ ሰነበተ። መደርደሪያውን ብቻውን ሊያነሳው ሞከረ፤ ንቅንቅ አላለም። የሚያግዘው ቢፈልግም ሐጂን ሳይፈራ የሚመጣ ሰው አጣ። ያ የጅምሩ ማሽን ደግሞ አልተወውም። ሲሄድ ሰክቶት ይሄዳል፣ ሲመለስ የኬብሉ ራስ ተንጠልጥሎ ይጠብቀዋል። ቁልፉ ያለው በእሱና በሐጂ እጅ ብቻ ነው፤ ሐጂ ደግሞ ከአምናው ወዲህ እግራቸውን እዚያ አስገብተው አያውቁም። በኋላ መሰካቱን ተወው። ሲያልፍም በዚያ በኩል ፊቱን አያዞርም። ጀርባው ላይ ግን የሚያየው ዓይን እንዳለ ይታወቀዋል፤ ጥላቻ የሌለበት፣ የሚጠብቅ ዓይን።

ፍርሃቱ አንድ ዘዴ አበጀለት። ሐሙስ ሹከት በሚመጡበት ሰዓት የኮረንቲውን ዋና ማጥፊያ፣ ብሬከሩን፣ አጥፍቶ፣ ሲሄዱ ይመልሰዋል። ሐጂም አይሰሙ፣ እናቲቱም አይሞቱ፣ እሱም የዋሸውን እንደዋሸ ይቅር። ሰው ሲፈራ ብልህ የሆነ ይመስለዋል።

ሐሙስ ግን ሹከት ከሰዓት በኋላ ሳይሆን በጠዋት መጡ።

ቡርዙ ጎንበስ ብሎ ኬብል ሲያስር ነው ከግድግዳው ወዲያ ባልዲ ሲጋጭ የሰማው። ቀጥሎ ውኃ ተደፋ። ብሬከሩ ያለው በወዲያኛው ጫፍ ነው። በማሽኖቹ መሐል ሮጠ፣ ትከሻው ከብረት ጋር ተጋጨ፣ ደርሶ እጀታውን በሁለት እጁ ወደ ታች ሳበው።

ማሽኖቹ ሁሉ ቆሙ። ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቶ አያውቅም። ከደረጃው በኩል ምንም ድምፅ የለም። ወጥቶ ጎተራውን ዞረና ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ።

ሹከት ቆመዋል። ባዶ እግራቸውን ውኃው ውስጥ፣ ቀኝ እጃቸውን ቧንቧው ላይ አድርገው። አንገታቸውን ዞር አድርገው አዩት፤ ደህና ናቸው።

«እሰይ፣ መጣህ» አሉት በዝግታ።

«እናቴ፣ እጅዎን ያንሱ።»

«እምቢ አለኝ።»

ቡርዙ ኮረንቲ መኖሩን የሚያሳየውን ቴስተሩን አውጥቶ ቧንቧውን ነካ። መብራቷ አልበራችም። ደግሞ ነካ። ምንም የለም፤ ተራ ነሐስ ነው። የእጃቸውን አንጓ ይዞ ሳበ፤ አልመጣም። ያን ጊዜ ነው እጃቸውን ልብ ብሎ ያየው። እሳቸው ቧንቧውን አልጨበጡም። ጣቶቻቸው ተፈትተው፣ ላላ ብለው ነሐሱ ላይ ተዘርግተዋል። ቆዳቸው ግን ከላይ በኩል አራት ቦታ ጎድጉዶ ነጭ ሆኗል፤ የሌላ ሰው ጣቶች ተጭነውት።

ቡርዙ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ባለፈው የጠየቅኩህን እሱም ሰምቷል መሰለኝ» አሉ ሹከት። ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። «መልሱን እየጠበቀ ነው።»

«ገመድ አይደለም» አለ ቡርዙ። አፉ ደርቋል። «ኮረንቲ ነው፣ እናቴ። አቡዘር አልሰጠመም። የማሽኖቹ የመሬት እግር ተቆርጦ ነው የሚሠሩት። ብረቱ ላይ ኮረንቲ ነበር፣ እሱ እርጥብ ላይ ቆሞ ያዘው። ሐጂ ያውቃሉ። እኔም ባለፈው ሐሙስ አወቅሁ፣ እርስዎን እያየሁ ዋሸሁ። ዛሬ እርስዎንም ሊገድልዎ ነበር፤ ይህንንም አውቅ ነበር።»

የተናገረው ሁሉ ከግድግዳው ነጥሮ ወደ ጆሮው ተመለሰ። የሹከት እጅ ግን አልተለቀቀም። ነጫጮቹ ምልክቶች እንዲያውም ጠለቁ።

ሹከት እንባቸው ሲወርድ አልጠረጉትም፤ ግራ እጃቸው ሻማውን ይዟል።

«ይህን የምትነግረው ለእኔ ብቻ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

ቡርዙ ሚስቱን አሰበ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ጭኑን ይወጋዋል።

«አርደካን ሄጄ ለዳኛ እናገራለሁ» አለ። ከዚያም ለእሳቸው ሳይሆን ወደ ግድግዳው ዞሮ ደገመው። «እናገራለሁ፣ ወንድሜ። ልቀቃቸው።»

በመጀመሪያ ትንሹ ጣት ያረፈበት ቦታ ቀላ። ቀጥሎ ከእሱ ጎን ያለው። ደሙ አንድ በአንድ እየተመለሰ የሹከት እጅ ቀስ ብሎ ከነሐሱ ላይ ተነሳ። ደረታቸው ላይ ታቅፈውት ቆዩ፤ የሚያባብሉት ይመስላሉ። ከዚያ ሻማውን ቧንቧው ሥር አቁመው ጫማቸውን ፈለጉ።

«ተነስ፣ ልጄ። አሁኑኑ ካልሄድን ነገ ልብህ ይለወጣል። አውቃችኋለሁ።»

ከላይ የመኪና በር ተዘጋ። የሐጅ ነስሩላህ ድምፅ፣ ያ ደጉ ድምፅ፣ በደረጃው ቁልቁል መጣ።

«ኢንጂነር! ማሽኖቹ እንደቆሙ ስልኬ ነገረኝ፤ ምን ተፈጠረ? ማነው ያጠፋው?»

ቡርዙ የሹከትን ክንድ ደግፎ ያዘ። ደረጃው ረጅም ነው፣ ከላይ ያለው ብርሃንም ዓይን ይወጋል።

«እኔ ነኝ፣ ሐጂ» አለና መውጣት ጀመሩ።